ውሃ የማያስገባ መጋጠሚያ፦ ትንሽ የእንጨት ጀልባ በብሎን፣ በሽቦ ስፌትና በመዳብ ሪቬት እንዴት ይገጠማል

እንጨት ቆርጦ የጀልባ ቅርጽ ማስያዝ ብዙ ሰው ይችላል። ጣጣው የሚመጣው ኋላ ነው። ጀልባው ውሃ ላይ ባረፈ በጥቂት ሳምንት ከጥጉ ማንጠባጠብ ይጀምርና ጥፋቱ እንጨቱ ላይ ይደፋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እንጨቱ ምንም አልሆነም። የላላው መጋጠሚያው ነው። መጋጠሚያውን ያላላው ደግሞ ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ ነው። ወይ ጠቦ እንጨቱን ሰንጥቆታል፣ ወይ ሰፍቶ ብሎኑን አልያዘም፣ ወይ በደንብ ሳይደፈን ቀርቶ ውሃ ወደ ውስጥ አሳልፏል። ስለዚህ እዚህ ከብሎን ይልቅ ስለ ቀዳዳ ብዙ ታነባላችሁ።

መመሪያው ከ3.5 እስከ 4.5 ሜትር ለሚረዝም፣ ወለሉ ጠፍጣፋ ለሆነ፣ በመቅዘፊያ ለሚሄድ የሐይቅ ጀልባ ነው። ንድፉ በእጃችሁ አለ፣ እንጨቱም ተቆርጧል ብዬ እነሳለሁ።

በስሞቹ እንግባባ። ጎንና ወለል የሚገናኙበትን መስመር ከውስጥ የሚይዘውን ረጅም እንጨት «የጥግ እንጨት» እለዋለሁ። የጎኑን የላይ ከንፈር የሚይዘው «የጠርዝ እንጨት» ነው። ከፊት ሁለቱ ጎኖች የሚጋጠሙበት «የአፍንጫ እንጨት»፣ ከኋላ የሚዘጋው ሰሌዳ ደግሞ «የኋላ ግድግዳ» ይባል።

ከሦስቱ ዘዴዎች የትኛው?

ብሎንና ማጣበቂያ፦ ለመጀመሪያ ጀልባ ምክሬ ይኸው ነው። ብሎኑ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ይጫናል፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው ይይዛሉ። ስህተትም ይታረማል።

የሽቦ ስፌት፦ ሰሌዳዎቹ ለጊዜው በሽቦ ይሰፉና ጥጉ በኤፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚጠነክር ማጣበቂያ፣ ይሞላል። የጥግ እንጨት አያስፈልገውም። የእንጨት ሥራ ብዙም ለማያውቅ ይቀልላል። ግን ኤፖክሲ ብዙ ይበላል፣ ኤፖክሲ ደግሞ ውድ ነው።

የመዳብ ሪቬት (ጫፉ ሮንዴላ ላይ ተቀጥቅጦ የሚዳመጥ ሚስማር)፦ ጎኑ እርስ በርሱ በሚደራረብ ጣውላ ለሚሠራ ጀልባ ነው። ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ትዕግሥትም ይፈልጋል። ጎናችሁ ከፕላይውድ ወይም ከኮምፔርሳቶ ከሆነ ይህን ተዉት።

ደረጃ 1፦ ብረቱን ምረጡ

ሱቅ ገብታችሁ የእንጨት ብሎን ስትጠይቁ ቶሎ የሚቀርብላችሁ ጥቁሩ የጂፕሰም ብሎን ነው። ርካሽ ነው፣ ስለታም ነው፣ ያለ ቀዳዳም ይገባል። ጀልባ ላይ እንዳይቀር። ይዝጋል፣ ጫና ሲበዛበት ደግሞ ሳይታጠፍ ቀንጠስ ይላል። ማጣበቂያው እስኪደርቅ እንጨት ለመያዝ ብቻ ተጠቀሙበት፣ ከዚያ ነቅላችሁ ቀዳዳውን ድፈኑ። የሚያብለጨልጨው ተራ ብሎንም ያው ነው። ላዩ ላይ ያለው ዚንክ በጣም ስስ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል።

ጀልባ ላይ ሊቀሩ የሚችሉት እነዚህ ናቸው፦

1. የማይዝግ ብረት (ስቴይንለስ)። ፓኬቱ ላይ «ኤ2» ካለ ለሐይቅ ይበቃል። ለባሕር ውሃ «ኤ4» ፈልጉ። ይህ ብረት ዝገትን የሚከላከለው አየር ሲያገኝ ነው። አየር በማያገኘው እርጥብ እንጨት ውስጥ ከተቀበረ እሱም ይበላል። ስለዚህ ቀዳዳው መታሸግ አለበት።
2. ነሐስ። ከሁሉም የተሻለ ነው፣ ለማግኘት ግን ያስቸግራል። ካገኛችሁ አትለፉት።
3. በቀለጠ ዚንክ ተነክሮ የወጣ ጋልቫናይዝድ። አይብለጨለጭም። መልኩ ደብዘዝ፣ ገጹ ሻከር ያለ ነው።

ከናስ ተጠንቀቁ። ቢጫና ቆንጆ ነው፣ ግን ለስላሳ ስለሆነ ሲጠብቅ ይቆረጣል። ጨዋማ ውሃ ውስጥ ደግሞ ዚንኩ እየለቀቀ ይወጣና የሚቀረው ቀላ ያለና የሚፈረፈር ነው። ከውሃ መስመር በታች አትጠቀሙበት።

እንዳትሸወዱ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። «ስቴይንለስ ነው» የተባለውን ብሎን ማግኔቱ ጥብቅ አድርጎ ከሳበው ኤ2ም ኤ4ም አይደለም። በትንሹ ቢስብ ግን አትደንግጡ፣ አንዳንዱ ስቴይንለስ እንደዚያ ነው።

በአንድ ጀልባ ላይ አንድ ዓይነት ብረት ብቻ ይኑር። መዳብና ተራ ብረት እርጥበት ውስጥ ሲነካኩ ብረቱ ይበላል። የባሕር ዛፍ ጣውላ ላይ ደግሞ ያልተቀባ ብረት ከገባ በዙሪያው ያለው እንጨት ይጠቁራል።

ልኩን እንዲህ ያዙ። 6 ሚሊሜትር ጎን 25 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የጥግ እንጨት ላይ ሲታሰር 4 በ25 ብሎን ይበቃል። 9 ሚሊሜትር ወለል በጥግ እንጨቱ ጠርዝ ላይ ሲታሰር 4 በ30። የብሎኑ ርዝመት ከላይኛው እንጨት ውፍረት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን፣ ጫፉ ግን ማዶ አይውጣ።

ደረጃ 2፦ እንጨቱንና ማጣበቂያውን ፈትሹ

እርጥብ እንጨት ላይ የታሰረ መጋጠሚያ እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል። የእርጥበት መለኪያ ከሌላችሁ አንድ ቁራጭ ከዚያው እንጨት ቁረጡና በወጥ ቤት ሚዛን በየቀኑ መዝኑ። ለተከታታይ ቀናት ክብደቱ ካልቀነሰ ከአየሩ ጋር ተስተካክሏል። ክረምት ላይ ይህ አያታልላችሁ፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። የማጣበቅ ሥራችሁን ከጥቅምት በኋላ አድርጉት።

ፕላይውዱን አንድ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ቆርጣችሁ አንድ ሰዓት ቀቅሉት፣ ከዚያ አድርቁት። ንብርብሩ ከተላቀቀ ለጀልባ አይሆንም፣ መልሱት።

ለማጣበቂያ ኤፖክሲ ግዙ። ነጩ የእንጨት ኮላ ለወንበርና ለቁም ሳጥን እንጂ ለውሃ አይደለም። ሌላው ስህተት ለውሃ ታንከር ጥገና የሚሸጠውን፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቀውን የፋይበርግላስ ሬዚን መጠቀም ነው። እሱ ፖሊስተር ነው፤ እንጨት ላይ ያለው አያያዝ ደካማ ነው። መጀመሪያ የያዘ ይመስላል፣ ኋላ እንደ ልጣጭ ይነሳል።

ኤፖክሲ ስትቀላቅሉ፦

1. ጓንት አድርጉ። ቆዳችሁን ደጋግሞ ከነካ አለርጂ ያመጣል፣ አለርጂው ከጀመረ ደግሞ አይለቅም። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ እንጂ በቀለም ማቅጠኛ አትጥረጉ።
2. ሬዚኑንና ሃርድነሩን (ማጠንከሪያውን) ጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ ስፈሩ። አንዱ 2 ለ1፣ ሌላው 5 ለ1 ነው። ቶሎ እንዲደርቅ ብላችሁ ሃርድነር አትጨምሩ። አይፈጥንም፣ እንዲያውም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።
3. ሁለት ደቂቃ ሙሉ አማስሉ። የዕቃውን ጎንና ታች እየፋቃችሁ።
4. በትንሽ በትንሹ ቀላቅሉ። ጠባብ ኩባያ ውስጥ በብዛት ከተቀመጠ ራሱን ያሞቃል፣ ያጨሳል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። እንደ ጋምቤላ ባለ ሙቅ ቦታ ሰፊና ዝርግ ሳህን ላይ አፍስሱት።
5. ግማሹን እንዳለ አስቀሩ። ግማሹን በወንፊት ያለፈ ደቃቅ የእንጨት ብናኝ እየጨመራችሁ የለውዝ ቅቤ ያህል አወፍሩት። ደረቅ ሰጋቱራ አይሆንም፣ በጣም ሻካራ ነው። ብርጭቆ ወረቀት የሚያወጣው ዱቄት ነው የሚፈለገው።

ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ ሥራው ይቆማል። ደጋ ላይ ከሆናችሁ ጠዋት ጀምራችሁ ከሰዓት በፊት ጨርሱ፣ ሌሊት ላይ አልብሱት።

ደረጃ 3፦ ቁራጭ ላይ ሞክሩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እባካችሁ አትዝለሉት።

አንድ ትክክለኛ የብሎን ቀዳዳ በውስጡ ሦስት ልክ አለው። በላይኛው እንጨት የብሎኑ ወገብ በነፃ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ፤ ለ4 ሚሊሜትር ብሎን ከ4 እስከ 4.5 ሚሊሜትር። በታችኛው እንጨት ጥርሱ የሚነክስበት ጠባብ ቀዳዳ አለ። ላይ ደግሞ ጭንቅላቱ የሚቀመጥበት ጉድጓድ።

የላይኛው ቀዳዳ ለምን ሰፋ? ጥርሱ ሁለቱንም እንጨት ከነከሰ ብሎኑ ሁለቱን ባሉበት ርቀት ይይዛቸዋል እንጂ አይስባቸውም። በመሃል ክፍተት እያለ ብሎኑ ጠብቋል ብላችሁ ትተዉታላችሁ። የሚያንጠባጥብ ጥግ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የታችኛው ቀዳዳ ለ4 ሚሊሜትር ብሎን እንደ እንጨቱ ይለያያል። ለዝግባና ለጥድ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊሜትር ፑንታ። ለባሕር ዛፍና ለወይራ ከ2.5 እስከ 3። በመጽሐፍ ያለ ልክ መነሻ ነው፣ እንጨታችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ፦

1. ከምትሠሩበት እንጨት ቁራጭ ውሰዱ። ሦስት ቀዳዳ በሦስት የተለያየ ፑንታ ብሱ።
2. በእያንዳንዱ ብሎን በካቻቪቴ በእጅ አስገቡ።
3. መሃል ላይ መጮህ ከጀመረና ትከሻችሁን ካስቸገረ ጠቧል። ጭንቅላቱ ከተቀመጠ በኋላ ያለ ድካም መዞሩን ከቀጠለ ሰፍቷል።
4. አሁን ብሎኖቹን ነቅላችሁ ቁራጩን በመሮ በቀዳዳዎቹ መስመር ክፈሉት። ውስጡን ተመልከቱ። ጥሩ ቀዳዳ የጥርሱን አሻራ ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ መስመሮቹ ስል ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው እንጨት አልተፈረካከሰም። የጠበበው ቀዳዳ ግድግዳው ላይ ወደ ጎን የሚሄድ የፀጉር ስንጥቅ ይታያል። የሰፋው ላይ አሻራው ጭረት ብቻ ነው።
5. የመረጣችሁትን ፑንታ ላዩ ላይ ቴፕ ጠቅልላችሁ የጥልቀቱን ልክ ምልክት አድርጉበት።

ነሐስ ከተጠቀማችሁ አንድ ነገር ጨምሩ። መጀመሪያ በዚያው ልክ የብረት ብሎን አስገብታችሁ ጥርሱን አስቆርጡ፣ ነቅላችሁ ነሐሱን አስገቡ። አለበለዚያ ጭንቅላቱ ይቀነጠሳል።

ሲጠብቅ የጧፍ ሰም መቀባት የቆየ ዘዴ ነው፣ ይሠራልም። ማጣበቂያ በሌለበት ቦታ ብቻ ይሁን። ሰም የነካው እንጨት ኤፖክሲ አይዝም። በሚጣበቅ መጋጠሚያ ላይ ብሎኑን ራሱን ኤፖክሲ ውስጥ ነክራችሁ አስገቡት።

ደረጃ 4፦ ያለ ማጣበቂያ ሙሉ በሙሉ ግጠሙ

1. ክፍሎቹን በእጅ ሞርሳ ያዙ። የጥግ እንጨቱን አስተካክሉ። ብርሃን ከማዶ በመጋጠሚያው እስከማይታይ ድረስ በመላጊያ አስማሙ።
2. የብሎን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። በወለሉና በጥግ እንጨቱ መካከል በየ50 እስከ 60 ሚሊሜትር። በጎኑና በጥግ እንጨቱ በየ75። በጠርዝ እንጨቱ ከ100 እስከ 150 ይበቃል።
3. ምልክቶቹን አንድ መስመር ላይ አትደርድሩ። አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ እያደረጋችሁ ዚግዛግ አድርጓቸው። ሁሉም በአንድ የእንጨት ጭረት (እንጨቱ በተፈጥሮው ባለው መስመር) ላይ ከዋሉ ያ ጭረት ይሰነጠቃል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ለዚህ ሰበብ ነው የሚፈልገው።
4. ከፕላይውዱ ጠርዝ ቢያንስ 12 ሚሊሜትር ግቡ።
5. በጎን በኩል የሚገባው ብሎን ከወለል በኩል ከሚገባው ጋር እንዳይጋጭ የአንዱን ቦታ ከሌላው አዛንፉ።
6. ብሱ፣ ሁሉንም ብሎን አስገቡ፣ ከዚያ ሁሉንም ንቀሉ። አዎ፣ ሁሉንም። ሲነቀሉ የሚወጣውን ብናኝ ከመሃል ጥረጉ፤ አንድ ፍርፋሪ ከቀረ መጋጠሚያው አይዘጋም።

ማስጠንቀቂያ፦ እንጨት በተቆረጠበት ጫፍ፣ ማለትም በጭረቱ አቅጣጫ፣ የገባ ብሎን በደንብ አይዝም። የኋላ ግድግዳው ላይ ጎኖቹን የምታስሩት ግድግዳው ውስጥ በዙሪያው በታሰረ የሞራሌ ፍሬም ላይ ነው። ብሎኑ የፍሬሙን ጭረት አቋርጦ መግባት አለበት።

ደረጃ 5፦ አጣብቁና እሰሩ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ጎኖቹ በአፍንጫ እንጨቱ ላይ፣ ከዚያ በመሃል ማስፋፊያው (ጎኖቹን ለጊዜው አራርቆ በሚይዘው እንጨት) ላይ፣ ከዚያ በኋላ ግድግዳው ላይ፣ ቀጥሎ የጥግ እንጨቶቹ፣ ቀጥሎ ወለሉ፣ በመጨረሻ የጠርዝ እንጨቶቹ። የመሃል ማስፋፊያውን ወለሉ ሳይታሰርና ሳይደርቅ አትንቀሉ። ጀልባው ይጣመማል፣ ከዚያ የሚያቃናው የለም።

ለእያንዳንዱ መጋጠሚያ፦

1. ሁለቱንም ገጽ ያልወፈረውን ኤፖክሲ በብሩሽ ቀቡ። የተቆረጠው ጫፍ ይጠጣል፤ እስኪጠግብ ደጋግሙ።
2. በአንዱ ገጽ ላይ የወፈረውን ዘርጉ። 1 ሚሊሜትር ያህል በቂ ነው።
3. ክፍሎቹን አገናኙ። ብሎኖቹን ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ጫፍ አስገቡ። ከጫፍ ወደ መሃል ከመጣችሁ መሃሉ ላይ እብጠት ይቀራል።
4. ድሪሉን በዝቅተኛ ኃይል ተጠቀሙ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች በእጅ ጨርሱ።
5. ቁሙ። ኤፖክሲው በመስመሩ ሁሉ ቀጭን ሆኖ ሲወጣ ይበቃል። ከዚህ በላይ ካጠበቃችሁ ማጣበቂያው ተጨምቆ ያልቅና መጋጠሚያው ባዶ ይሆናል።
6. የወጣውን ትርፍ ሳይደርቅ በጠፍጣፋ እንጨት ግፉት፣ ጥረጉት። ከደረቀ መሮ ነው የሚያነሳው።

በጎኑ 6 ሚሊሜትር ፕላይውድ ላይ የብሎኑ ጭንቅላት ከገጹ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ይበል። ጠልቆ ከገባ የሚይዘው ንብርብር አይቀርለትም፣ በጫና ጊዜ ያልፋል።

ሲበላሽ፦

ብሎኑ ዝም ብሎ ከዞረ፣ ንቀሉት። ቀዳዳውን በወፈረ ኤፖክሲ ሙሉና በማግስቱ አዲስ ጠባብ ቀዳዳ እዚያው ብሱ። ረዥም ብሎን ብቻ አስገብታችሁ አትለፉት።

ጭንቅላቱ ከተቆረጠ፣ ቀሪውን አትቆፍሩት። እዚያው ተዉት፣ በላዩ ኤፖክሲ አድርጉበት፣ በ20 ሚሊሜትር ርቀት አዲስ ብሱ።

እንጨቱ ከተሰነጠቀ ወዲያው አቁሙ። ብሎኑን አውጡ፣ ስንጥቁን በመሮ ጫፍ ትንሽ ከፍታችሁ ቀጭን ኤፖክሲ አስጠጡት፣ በሞርሳ ዝጉት። ስንጥቁ ከ5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ግን ያንን እንጨት ቀይሩት። ውሃ ላይ ሰው ይቀመጥበታል።

ኤፖክሲው በማግስቱም የሚያጣብቅ ከሆነ ሙቀቱ አንሶ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ሙሉ ሙቀት ስጡትና እዩ። ካልጠነከረ ቅልቅሉ ተሳስቷል፤ ፍቃችሁ ከማንሳት ሌላ መላ የለውም። በላዩ ላይ አዲስ መቀባት ችግሩን መሸፈን ብቻ ነው።

ደረጃ 6፦ ቀዳዳዎቹን ድፈኑ

ፕላይውድ ላይ የብሎኑን ጭንቅላት በወፈረ ኤፖክሲ ሸፍኑ። የግድግዳ ስቱኮ አይሆንም፣ ውሃ ይጠጣል። ከመቀባታችሁ በፊት በኤፖክሲው ላይ የሚቀረውን የሰም የመሰለ ልባስ በውሃና በስፖንጅ እጠቡ፣ ሲደርቅ ፋቁ። ሳታጥቡ ከፋቃችሁ ልባሱን ወደ ውስጥ ታሹታላችሁ፣ ቀለሙም አይዝም።

የጠርዝ እንጨቱ ወፍራም ስለሆነ የእንጨት መድፈኛ ያምርበታል። ከዚያው እንጨት ክብ መድፈኛ ቁረጡ፣ ኤፖክሲ ቀብታችሁ የመድፈኛው ጭረት ከጠርዝ እንጨቱ ጭረት ጋር እንዲገጥም አድርጋችሁ አስገቡ። ሲደርቅ በመሮ ሁለት ጊዜ ቁረጡ። መጀመሪያ ከፍ አድርጋችሁ፤ ጭረቱ ወደ የት እንደሚሄድ ያሳያችኋል። ከዚያ በዚያ አቅጣጫ ዝቅ አድርጋችሁ። በአንዴ ከቆረጣችሁ መድፈኛው ከገጹ በታች ተሰብሮ ይቀራል።

የመጀመሪያውን የኤፖክሲ ቅብ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር ቀቡ። ጠዋት ከቀባችሁ እንጨቱ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይወጣና ገጹን በአረፋ ይሞላዋል።

የሽቦ ስፌት ለመረጡ

ሽቦውን ከቤት ኤሌክትሪክ ገመድ ታገኙታላችሁ። 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሚባለው ነጠላ የመዳብ ሽቦ ሲላጥ ውፍረቱ 1.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በ12 ሴንቲ ሜትር ልክ ቆራርጡት።

1. ከጠርዙ 10 ሚሊሜትር ገብታችሁ በ2 ሚሊሜትር ፑንታ ብሱ። በየ15 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ አፍንጫው ጠመዝማዛ ቦታ ላይ በየ7 እስከ 8። የሁለቱ ሰሌዳ ቀዳዳዎች ፊት ለፊት ይሁኑ።
2. ሽቦውን ከውስጥ አስገቡ፣ ጫፎቹ ውጭ ይቅሩ። በመጀመሪያ ሁሉንም ላላ አድርጋችሁ ጠምዝዙ። ጀልባው ሙሉ ቅርጹን ሲይዝ ብቻ በፒንሳ አጥብቁ።
3. ስታጠብቁ ሽቦውን ወደ እናንተ ሳቡት፣ ከዚያ አዙሩት። ሳትስቡ ብቻ ካዞራችሁ ይበጠሳል። ከተበጠሰ ችግር የለም፣ አዲስ አስገቡ።
4. ውስጡን በዱላ ወይም ደብዛዛ ጫፍ ባለው ካቻቪቴ ጫኑት፣ ጥጉ ላይ ይቀመጥ።
5. አሁን ሰያፉን ለኩ። ከአፍንጫ እስከ ኋላ ግድግዳው ሁለቱ ማዕዘን ያለው ርቀት እኩል መሆን አለበት። ከዚህ በኋላ የሚስተካከል ነገር የለም።
6. በሽቦዎቹ መካከል የወፈረ ኤፖክሲ ጠብ ጠብ አድርጉ። ሽቦውን አትንኩ። ይድረቅ።
7. ሽቦዎቹን ቁረጡና ሳቡ። ያስቸገረውን በብየዳ ብረት ወይም በላይተር አሙቁት፣ ኤፖክሲው ሲለሰልስ ይወጣል።
8. ጥጉን በሙሉ በወፈረ ኤፖክሲ ክብ አድርጋችሁ ሙሉ። ገና ሳይደርቅ 75 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የፋይበርግላስ ጨርቅ በላዩ ዘርጉ፣ በቀጭን ኤፖክሲ አርሱ። ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ያልራሰ ነው፣ ጨምሩበት።
9. ገልብጣችሁ የውጭውን ጥግ በመላጊያ ክብ አድርጉ። ስል ጠርዝ ላይ ጨርቁ ይነሳል። ከዚያ እዚያም ጨርቅ አልብሱ።

የመዳብ ሪቬት ለመረጡ

ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ከውጭ ከባድ ብረት የሚስማሩ ጭንቅላት ላይ ይጫናል፣ ሌላው ከውስጥ ይመታል። ከውጭ ያለው ሰው መጫኑን ለአፍታ ከተወ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይወጣል። ስለዚህ መነጋገር አለ፤ «ያዝ» ሳይባል አይመታም።

1. በሚደራረበው ጣውላ መሃል ላይ ብሱ። ቀዳዳው ሚስማሩ በቀላል መዶሻ የሚገባበት ይሁን፣ በጣት ብቻ ገፍታችሁ የምታስገቡት ከሆነ ሰፍቷል።
2. ሚስማሩን ከውጭ አስገቡ። ከውስጥ የመዳብ ሮንዴላውን በጫፉ ላይ አጥልቁ። ጎድጓዳው ወደ እንጨቱ ይዙር። የብረት ሮንዴላ በፍጹም።
3. ቀዳዳ ባለው ዘንግ ሮንዴላውን እስከ እንጨቱ ምቱት። ጣውላዎቹ ሲገናኙ ድምፁ ይቀየራል። ባዶ የነበረው ድፍን ይሆናል። እዚያ ላይ አቁሙ።
4. ሚስማሩን ከሮንዴላው በላይ 2 ሚሊሜትር ያህል አስቀርታችሁ በፒንሳ ቁረጡ።
5. ጫፉ ክብ በሆነ ትንሽ መዶሻ ጠርዙን ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ ምቱ፣ እስኪዳመጥና ጉልላት እስኪሠራ። በኃይል ከመታችሁ ሚስማሩ እንጨቱ ውስጥ ይታጠፋል። ላዩ ያማረ፣ ውስጡ የላላ ሪቬት ይሆናል።

መዳቡ ጠንክሮ ሲሰነጠቅ ካያችሁ ሚስማሮቹን ከመጠቀማችሁ በፊት እስኪቀሉ አግሏቸውና ውሃ ውስጥ ጨምሩ፤ ይለሰልሳሉ። የተበላሸ ሪቬት ለማውጣት ጉልላቱን በሞረድ ሙልጭ አድርጋችሁ አንሱ፣ ከዚያ ወደ ውጭ ምቱት። በጉጠት ከጎተታችሁ ጣውላው ይቀደዳል።

ደረጃ 7፦ የውሃ ሙከራ፣ ቀለም ከመቀባት በፊት

ጀልባውን ወለሉን በደንብ በሚደግፉ ብዙ እንጨቶች ላይ አስቀምጡ። ውስጡ 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ አፍስሱ። ወለሉ 4 በ1 ሜትር ከሆነ ይህ 120 ኪሎ ነው። ሁለት ድጋፍ ላይ ብቻ ከተቀመጠ ያጎብጠዋል። ውጭውን ከታች እየተመለከታችሁ የረጠበውን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ወደ አንዱ ጎን አዘንብሉና ጥጉን ለብቻው ፈትኑ።

በጣውላና በሪቬት የተሠራ ጀልባ መጀመሪያ ቢያስገባ አይግረማችሁ፣ ጣውላው በአንድ ሁለት ቀን ሲያብጥ ይዘጋል። ፕላይውድ ግን አያብጥም። የሚያንጠባጥብ ፕላይውድ ነገም ያንጠባጥባል።

ምልክት ያደረጋችሁበት ቦታ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ በጥላ ብዙ ቀን ሊወስድ ይችላል። በአቅራቢያው ያሉትን ብሎኖች ንቀሉ፣ መስመሩን በመሮ ክፈቱ፣ ቀጭን ኤፖክሲ ከዚያም የወፈረውን ሙሉበት፣ ብሎኖቹን ነክራችሁ መልሱ። ከላይ ብቻ ማሸጊያ መለጠፍ ውሃውን ከውስጥ ያስቀረዋል፣ እንጨቱ ሳታዩት ይበሰብሳል።

ሲደርቅ ሙከራውን ከመጀመሪያው ድገሙ። ሐይቁ ላይ በመጀመሪያው ቀን ወገብ በሚደርስ ውሃ ላይ ብቻ ቅዘፉ፣ ላይፍ ጃኬት ልበሱ፣ ውሃ መቅጃ ጣሳ ያዙ። ስትመለሱ ወለሉን በእጃችሁ ዳብሱና የጥግ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እዩ።